ዓሣው ሽቅብ በሚወጣበት ወራት የወንዙ ዘብ ገበሬ ማኅበሩ ነው

ሐምሌ ገብቶ የጉና ራስ በጉም ሲጋረድ ከተራራው ወገብ የሚወርዱት ጅረቶች ሁሉ ይሞላሉ። በዚህ ወቅት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ሐሳቡ ሁሉ ከማሳው ላይ ነው። ጤፉ ይዘራል፤ ገብሱ ይታረማል፤ ለበሬው ሣር ይታጨዳል። በዚሁ ሰሞን ግን በውሃው ውስጥ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ሥራ ይሠራል። በጣና ሐይቅ የሚኖረው ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ሽቅብ ወደ ወንዞቹ የሚጓዘው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህ ጉዞ በሰላም ከተፈጸመ ለመጪዎቹ ዓመታት ዓሣ ይኖራል። ከተሰናከለ ግን የሚጠፋው የዚያ ዓመት ዓሣ ብቻ ሳይሆን ሊወለድ የነበረው ትውልድ ጭምር ነው። መንግሥት የዱር አራዊትንና የዓሣ ሀብትን ለመጠበቅ ልዩ ልዩ አዋጆችን አውጥቷል። አዋጅ የሚወጣው በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ይሁን እንጂ የሚጸናው ወይም የሚሻረው በወንዙ ዳር ነው። በወንዙ ዳር ያለው ደግሞ ገበሬው ነው። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የተቋቋመው ገበሬ ማኅበር ዛሬ በሕግ ቋንቋ የቀበሌ አስተዳደር ቢባልም፣ በገጠሩ ሕዝብ አፍ ዛሬም ገበሬ ማኅበር ነው። የዚህ ርእሰ አንቀጽ መልእክትም በቅድሚያ የሚመለከተው የእነዚህን ማኅበራት መሪዎች ነው።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ የሚወርደው ውሃ በሁለት መንገድ ወደ ዓባይ ይደርሳል። አንደኛው በጉማራና በርብ ወንዞች አማካይነት የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባና ከጣና ዓባይ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው በእስቴና በስማዳ ቆላ እንደ ዋንቃ ባሉ ወንዞች በኩል በቀጥታ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በታች ጋይንትና በስማዳ በኩል ደግሞ በሽሎ አካባቢውን ከደቡብ ወሎ እየለየ ሄዶ ከዓባይ ይቀላቀላል። ስለዚህ የወረዳው ከተማ ነፋስ መውጫም ይሁን ዓርብ ገበያ፣ ወገዳም ይሁን መካነ ኢየሱስ፣ የዚህ አገር አብዛኛው ነዋሪ የዓባይ ራስጌ ነዋሪ ነው። በራስጌ የተሠራ ደግሞ በግርጌ መታየቱ አይቀርም።

ነጭ ዓሣ እየተባለ በጅምላ የሚጠራው ዓሣ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወረወረው ፏፏቴ የጣናን ዓሣ ከታችኛው ወንዝ ዓሣ ለይቶ ለረጅም ዘመን አኑሮታል። ከዚህም የተነሣ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ከጣናና ከገባሮቹ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ሥፍራ አይገኙም። ዋልያ ከስሜን ተራሮች ሌላ አገር እንደሌለው ሁሉ፣ እነዚህም ከዚህ ውሃ ሌላ አገር የላቸውም። ልዩነቱ ዋልያው በገደሉ ላይ ለሁሉ ሲታይ ዓሣው በደፈረሰው ውሃ ውስጥ ስለሚሄድ፣ ቢጠፋ እንኳ መጥፋቱ ቶሎ የማይታወቅ መሆኑ ነው።

ከእነዚህ ዝርያዎች ገሚስ ያህሉ የሚራቡት በወንዝ ነው። ክረምቱ ሲገባ በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ። ከዚያም በነሐሴና በመስከረም በጉማራና በሌሎቹ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ወደ ትንንሾቹ ገባር ጅረቶች ይገባሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጥልቀት በሌለው፣ ፈጥኖ በሚፈስና ንጹሕ ጠጠር በተነጠፈበት ሥፍራ ነው። ምክንያቱ ለገበሬ ለመረዳት አያስቸግርም። ዘር ከአፈር በታች ሆኖ አየር እንደሚሻ ሁሉ የዓሣ እንቁላልም በጠጠሩ መካከል የሚያልፍ ውሃና አየር ይሻል። ከደረቀ በኋላ የጠነከረ ጭቃ የጤፍን ቡቃያ አፍኖ እንደሚያስቀር፣ በጠጠሩ ላይ የተኛ ደለልም እንቁላሉን አፍኖ ይገድለዋል።

ነጭ ዓሣ እንደ ዶሮ በአንድ ዓመት አድጎ የሚተካ አይደለም። ለመራባት የሚደርሰው ዓመታትን ቆይቶ ነው። ስለሆነም በአንድ ክረምት በወንዝ አፍ የተያዘው እናት ዓሣ የብዙ ዓመት ጥሪት ነው። ለእርድ የደረሰን ሙክት መሸጥና የምትወልደውን በግ ከነሆዷ ማረድ አንድ እንዳልሆነ ሁሉ፣ በበጋ የተያዘ ዓሣና እንቁላሉን ተሸክሞ በነሐሴ የተያዘ ዓሣም አንድ አይደሉም።

የደረሰው ጉዳት በጥናት ታውቋል። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ በጣና ዓሣ የሚጠመደው በአመዛኙ በታንኳ፣ በሐይቁ ዳርና ለየቤቱ ፍጆታ ያህል ነበር። በ1978 ዓ.ም. ባለ ሞተር ጀልባና ትልልቅ መረብ ገባ። ይህ ለዓሣ አጥማጁ ገቢን፣ ለከተሜው ምግብን ያመጣ መልካም እርምጃ ነበር። ይሁንና መረቡ በክረምት ከወንዞቹ አፍ ላይ መዘርጋት ሲጀምር ችግሩ ተከተለ። በሐይቁ ላይ የተካሄደው ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ የትልልቁ ነጭ ዓሣ ብዛት በ75 ከመቶ ያህል ቀንሷል። የጫጩቶቹ ቁጥር ደግሞ ከዚህም ብሶ በ90 ከመቶ ያህል አሽቆልቁሏል። ጫጩት የሌለው መንጋ ደግሞ ወደፊት የሚጠብቀው ዕጣ ምን እንደሆነ ከብት ያረባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ጥፋቱ በሐይቁ ዳር ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የዓሣ አጥማጆች ጉዳይ ነው ተብሎ ሊታለፍ በቻለ ነበር። ሆኖም በራስጌው የሚፈጸመውም ቀላል አይደለም። በየጅረቱ ጎረምሶች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ኩሬ በሠራ ውሃ ላይ ሲበትኑ ማየት በአገሪቱ ብዙ ወንዞች ዳር የቆየ ልማድ ነው። በብርብራው ፍሬ ውስጥ ያለው መርዝ ዓሣው መተንፈስ እንዳይችል ያደርገዋል። ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ ትልልቁ ተለቅሞ ይወሰዳል። ጣት የማያክለው ጫጩት ግን ሞቶ በዚያው ይቀራል። ዓሣው የሚመገባቸው ትንንሽ የውሃ ነፍሳትም አብረው ያልቃሉ። የዕለት ወጥ የሚሆን ዓሣ ለማግኘት ሲባል የጅረቱ ዘር በሙሉ ይጠፋል ማለት ነው።

ከብርብራው የከፋው ደግሞ ለሰብል ተባይ ማጥፊያ የተገዛን ኬሚካል ወንዝ ውስጥ መጨመር ነው። ይህ ዓሣውን ብቻ አይገድልም። ከዚያው ወንዝ ከብት ይጠጣል፤ እናቶችና ልጆች በእንስራና በጀሪካን ይቀዳሉ። በመርዝ የተገደለውን ዓሣ የበላም ሰው የሚበላው መርዙን ጭምር ነው። በዛፉ ላይ ግን መፍረድ አይገባም። ብርብራ ለማሳ ጥላ፣ ለአፈር ለምነት የሚሰጥ የአገራችን ዛፍ ነው። ጥፋቱ ከዛፉ ሳይሆን ከሰው እጅ ነው።

መንግሥት በዚህ ረገድ ያደረገው ጥረት ረጅም ታሪክ አለው። የዱር አራዊት ጥበቃ ድርጅት በትእዛዝ ቁጥር 65 የተቋቋመው በ1963 ዓ.ም. ነበር። በ1972 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 192 የደንና የዱር አራዊት ጥበቃን በአንድ ላይ አዋቀረ። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጣ። ይህ አዋጅ በመርዝና በፈንጂ ዓሣ መግደልን ይከለክላል። የአማራ ክልልም የራሱን የዓሣ ሀብት አዋጅ አውጥቷል። በ1999 ዓ.ም. የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ታወጀ፤ በዓመቱም የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በሰኔ 2007 ዓ.ም. ደግሞ ጣናና ዙሪያው በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዘገበ።

ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ አንድ ግልጽ ክፍተት አለ። የጥበቃው ዓይን በአብዛኛው የዞረው ወደ ተራራው አራዊትና ወደ ሐይቁ ነው። ሐይቁን ከራስጌ የሚመግቡት ጅረቶች፣ ከጢስ ዓባይ በታችም ያለው የዓባይና የበሽሎ በረሃ ዘብ የቆመላቸው ሥፍራዎች አይደሉም። በእያንዳንዱ ጅረት አፍ ላይ ዘብ ለማቆም የሚበቃ ሠራተኛ የትኛውም መሥሪያ ቤት ሊኖረው አይችልም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ምክንያት ባለሙያ ከወረዳ ወደ ቀበሌ እንደ ልብ ለመንቀሳቀስ መቸገሩም ይታወቃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከወንዙ ዳር ያልተለየው የአካባቢው ሕዝብ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥበቃው የሚሳካው ሕዝቡ የራሱ ሥራ አድርጎ ሲይዘው እንጂ ከውጭ እስኪመጣለት ሲጠብቅ አይደለም።

ዓሣው ብቻም አይደለም። በዓባይ ውስጥ ጉማሬና አዞ ይኖራሉ። ጉማሬ ቀን በውሃ ውስጥ ውሎ ሌሊት ለግጦሽ የሚወጣ አውሬ ነው። በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ያህል ሣር ይግጣል። ማሳ ውስጥ ከገባ የሚያደርሰውን ጥፋት የበቆሎና የማሽላ ባለቤቱ ይንገር። አዞም በረሃ ከብቱን ሊያጠጣ ለሚወርድ እረኛ የዘወትር ሥጋት ነው። ይህን ሥጋት አቃልሎ ስለ ጥበቃ ብቻ የሚናገር ሰው ገበሬውን አያውቀውም።

ሆኖም የአውሬው ጥቅምም መታወቅ አለበት። ጉማሬ በሌሊት የጋጠውን ሣር በቀን በፋንድያ መልክ ወደ ውሃው ይመልሰዋል፤ ይህም ዓሣው ለሚመገበው ነገር ማዳበሪያ ነው። የጉማሬ እናት ስምንት ወር አርግዛ አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች፤ ሁለተኛ ለመውለድም ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይፈጅባታል። ስለዚህ ለአለንጋና ለጥርሱ ተብሎ የተገደለ ጉማሬ ቶሎ አይተካም። አዞም ቢሆን ያለ ጥቅም የተፈጠረ አይደለም። በአርባ ምንጭ አዞ በእርባታ ተይዞ ቆዳው ለውጭ ገበያ ሲቀርብ መቆየቱ፣ አውሬው በአግባቡ ሲያዝ ለአገር ገቢ እንደሚሆን ያሳያል። ያለ ፈቃድ ማደንና በቆዳ ወይም በጥርስ መነገድ ግን በገንዘብና በእሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

ሰውንና አውሬውን የሚያስታርቀው ጥንቃቄ ነው። አዞ የሚያደባው ሰውና ከብት በተወሰነ ሰዓት፣ በተወሰነ ሥፍራ ወደ ውሃ መውረዳቸውን አይቶ ነው። ስለሆነም መቅጃውንና ማጠጫውን ከጥልቁ ውሃ ማራቅ፣ ቢቻል ከወንዙ ጎን በጉድጓድ ውሃ መጥለፍ፣ ያም ካልሆነ በእሾህ አጥር መከለል ያስፈልጋል። ጨለማ ሲይዝ ልጅ ወደ ወንዝ አይላክም። የጉማሬ መውጫ በሆነ ሥፍራ ላይ በቆሎ ከመዝራት ይልቅ ዳሩን ለሣር መተው፣ ማሳውንም በካብና በቦይ መከለል ይሻላል። ይህ ሁሉ ተደርጎ አውሬው አሁንም የሰው ሕይወትን ወይም ንብረትን የሚያጠፋ ከሆነ፣ እርምጃ መውሰድ ያለበት ሥልጣን የተሰጠው አካል ነው። የማኅበሩ ድርሻ ጉዳቱን በቀንና በሥፍራ መዝግቦ በጽሑፍ ለወረዳው ማሳወቅ ነው። በጽሑፍ ያልቀረበ አቤቱታ ምላሽ ለማግኘት ያስቸግራል።

የውሃውን አራዊት ከሚጎዱት ነገሮች ዋነኛው ግን መረብም ጠመንጃም አይደለም። አፈር ነው። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። ከግንዱ ይልቅ ይዞት የሚዞረው የእስቴንና የጋይንትን አፈር ነው። ቁልቁለቱ ያለ እርከን ሲታረስ፣ የወንዙ ዳር እስከ ውሃው ጠርዝ ድረስ ሲቆፈር፣ ተዳፋቱ ቁጥቋጦ አልባ ሲሆን፣ የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወንዝ ውስጥ ይጨምረዋል። ገበሬው ማሳውን ያጣል፤ ዓሣውም የእንቁላል መጣያ ጠጠሩን ያጣል። ደለሉ ከዚያም አልፎ ወደ ጣና ይዘልቃል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀው እስከ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ይደርሳል። የአንድ ማሳ እርከን ለብዙ ነገር ይጠቅማል የሚባለው ስለዚህ ነው።

ለዚህ ሥራ መሣሪያው በእጅ አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንትና በስማዳ በሴፍቲኔት አማካይነት የማኅበረሰብ ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። በየዓመቱ በበጋ ወራት የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻም ለሕዝቡ አዲስ አይደለም። ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ ሥራው ከተራራው ላይ ተጀምሮ ከማሳው ግርጌ ላይ መቆሙ ነው። እርከኑና ክትሩ እስከ ወንዙ ዳር ቢደርስ፣ ከውሃው ጠርዝም ጥቂት ሜትር ያህል ሳይታረስ ለሣርና ለዛፍ ቢተው፣ ሣሩ ለከብት ይታጨዳል፤ ዳሩ አይናድም፤ ጠጠሩም ንጹሕ ሆኖ ይቆያል።

ከዚህ ጋር የበጋው ውሃ ነገር ይነሣል። በ1988 ዓ.ም. ጣና ዓባይ ሆኖ በሚወጣበት በጨረ ጨራ ላይ የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከጣና የሚወጣው ውሃ አብዛኛው በዋሻ ወደ በለስ ስለሚዞር፣ በጢስ ዓባይ በኩል የሚወርደው ውሃ ቀንሷል። በዚህም ምክንያት ከፏፏቴው በታች ያለው ዓባይ በበጋ ከቀድሞው ይበልጥ የሚኖረው ከጎጃምና ከጎንደር በኩል በሚገቡት ወንዞች ነው። የእስቴና የስማዳ ጅረት በፓምፕ ተስቦ ጨርሶ ቢደርቅ፣ ሸለቆው ውስጥ የቀረው ጉማሬና ዓሣ መሸሻ ያጣል። መስኖ ይቅር ማለት አይደለም። መስኖ የገበሬው መዳኛ ነው። ነገር ግን የውሃ ተጠቃሚዎች ተራ ሲያወጡ ለወንዙም አንድ ድርሻ ይተዉለት፤ የመጨረሻው ኩሬ አይሳብ።

አሁን የገበሬውን ጥያቄ መስማት ይገባል። ነሐሴ የችግር ወር ነው። የዓምናው እህል ከጎተራ አልቋል፤ የዘንድሮው ገና አልደረሰም። የሰፋ ቤተሰብ ያለው ድኻ ከጅረቱ ዓሣ ለማውጣት ሲወርድ አትንካ ማለት ቀላል አይደለም። ከተማው ደግሞ በፍልሰታ ጾም ዓሣ ስለሚፈልግ ዋጋው ከፍ ይላል። በዚያ ወራት ወንዝ አፍ ላይ መረብ የጣለ ሰው በአንድ ሌሊት ጥሩ ገንዘብ ያገኛል። ዛሬ የሚያገኘውን ትቶ ነገ ለማይታወቅ ነገር እንዲታገሥ የሚጠየቀው ለምንድን ነው?

መልሱ ዓሣ አትብሉ ማለት አይደለም። መልሱ ጊዜውንና መንገዱን መለየት ነው። ከዓመቱ 12 ወራት ውስጥ ለዓሣው የሚያስፈልገው ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ነው። በቀሪዎቹ ወራት በመንጠቆና በሕጉ በተፈቀደ መረብ የሚያዘው ዓሣ፣ በተለይም ቀረሶና አምባዛ፣ ለቤትም ለገበያም ይበቃል። ሦስት ወር የታገሠ መንደር ዘጠኝ ወር ያጠምዳል፤ ሦስቱን ወር ያልታገሠ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ12ቱም ወራት ባዶ መረብ ይጎትታል። በነሐሴ የሚቸገረውን ቤተሰብ መርዳት የወንዙ ዕዳ ሳይሆን የማኅበሩና የመንግሥት ግዴታ ነው። በሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ምልመላ ጊዜ በወንዝ ዳር የሚኖረው መሬት አልባ ወጣት እንዳይረሳ መሪዎቹ ሊከታተሉ ይገባል።

ሕዝብ በራሱ ስምምነት የተፈጥሮ ሀብትን ዘግቶና ከፍቶ ሲጠቀም መቆየቱ ለዚህ ክልል እንግዳ ነገር አይደለም። በሰሜን ሸዋ የመንዝ ሕዝብ የጓሣን መሬት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ እንዲያገግም መሬቱ ለዓመታት ይዘጋል። በመሪዎቹ ስምምነት በተወሰነ ጊዜ ሲከፈትም ሁሉም አጭዶ ይወስዳል። ከተወሰነው ጊዜ በፊት የገባ ሰው ይቀጣ ነበር። ይህ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. ከመጣው የመሬት ለውጥ ጋር ቢላላም የአካባቢው ሕዝብ በኋላ በአዲስ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። ዛሬ በጓሣ ሣሩም አለ፣ ቀይ ቀበሮውም አለ። ሕዝብ ሣር መዝጋት ከቻለ ጅረትን ለሦስት ወር መዝጋት የሚያቅተው አይሆንም።

እንግዲህ የማኅበራቱ መሪዎች ከክረምቱ በፊት ሊያከናውኑት የሚገባው ሥራ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በመጀመሪያ በግንቦት ወይም በሰኔ የቀበሌው ሕዝብ ተሰብስቦ ሲመክር የዓሣው ነገር በአጀንዳ ይያዝ። ከሐምሌ መግቢያ እስከ መስከረም መጨረሻ በጅረት አፍ ላይ መረብ እንዳይዘረጋ፣ ወንዙም ዓሣ ለማገድ በድንጋይ እንዳይዘጋ፣ በሕዝቡ ድምፅ ይወሰንና በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይስፈር። ሁለተኛ፣ ብርብራና ኬሚካል ወንዝ ውስጥ መጨመር በማናቸውም ወር ክልክል መሆኑ በየዕድሩ፣ በየሰንበቴውና በየትምህርት ቤቱ ይነገር። ብርብራ የሚወቅጡት ብዙውን ጊዜ ወጣቶች ስለሆኑ ትምህርቱ ከእነርሱ ይጀምር። ሦስተኛ፣ ጅረቱ ሁለት ቀበሌ የሚያዋስን ከሆነ ሁለቱ መሪዎች አንድ ዓይነት ደንብ ያውጡ። አንዱ ዘግቶ ሌላው ከከፈተ የተጠቀመ ያጠፋው እንጂ የጠበቀው አይደለምና። አራተኛ፣ በተፋሰሱ ዘመቻ የወንዙ ዳር እንዳይዘነጋ ይደረግ። አምስተኛ፣ ጉማሬና አዞ ያደረሱት ጉዳት መዝገብ ይከፈትለት።

መሪ ራሱ ያላከበረውን ደንብ ሕዝብ እንደማያከብረው ግልጽ ነው። የሊቀ መንበሩ ልጅ ብርብራ ሲወቅጥ ዝም ተብሎ የድኻው ልጅ ከተቀጣ፣ ደንቡ በዚያው ቀን ይሞታል። ቅጣቱም ቢሆን ከማስፈራሪያነት ይልቅ ማስተማሪያ ሊሆን ይገባዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠፋ ሰው በሽማግሌ ይመከር፤ በወንዙ ዳር ዛፍ ይትከል። የደገመ ግን ለሕግ ይቅረብ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ከማኅበራቱ የሚጠብቁትን ያህል የሚጠበቅባቸው አለ። አዋጁ ሕዝቡ በሚረዳው ቃል ተዘጋጅቶ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት መለጠፍ አለበት። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ስለ ሰብል፣ ስለ ከብትና ስለ አፈር ጥበቃ የሚያስተምረውን ያህል ስለ ወንዙ ዓሣም እንዲያስተምር ሥልጠና ይሰጠው። ስለ አውሬ ጉዳት የቀረበ አቤቱታ ወረዳ ላይ ተከድኖ ከሚያድር ፈጣን መልስ ይሰጠው። ማሳው በጉማሬ የተረገጠበት ገበሬ ሦስት ጊዜ አመልክቶ መልስ ካጣ፣ በአራተኛው ጠመንጃውን ማንሣቱን መንቀፍ ብቻውን በቂ አይሆንም። በጣና ዳርም በወንዞቹ አፍ ላይ በክረምት የሚዘረጋው መረብ መነሣት አለበት። የራስጌው ገበሬ ጠብቆ ያሳለፈው ዓሣ በግርጌ የሚጠብቀው መረብ ከሆነ ትዕግሥቱ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ጥበቃው የሚጸናው ሁለቱም ወገን እኩል ሲታገሡ ነው።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት በዚህ አገር የታወቀ ነው። ዛሬ በጉና ሥር ያለው ትውልድ ውሃ ብቻ ሳይሆን በውሃው ውስጥ ያለውንም ሀብት የሚያጣበት ጊዜ እንዳይመጣ ሥራው አሁን መጀመር አለበት። መጪው ሐምሌ ሲገባ ዓሣው እንደ ወትሮው ሽቅብ ጉዞውን ይጀምራል። በጅረቱ አፍ ላይ መረብና ብርብራ ይጠብቀው ወይስ ክፍት መንገድ፣ የሚወስነው ከዚያ በፊት በእያንዳንዱ ገበሬ ማኅበር በሚደረገው ስብሰባ ነው።